ጊታር ብቻውን ሲመጣ፦ ስለሚጠበቅ የሶሎ አልበም ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ከባንድ ጋር ሲጫወት ለዓመታት የተከታተልኩት የሙከራ ጃዝ ጊታሪስት በቅርቡ የመጀመሪያውን የሶሎ አልበም ያወጣል። ለቅምሻ የተለቀቀውን አንድ ትራክ በስልኬ ሰማሁት። ምት የለውም፤ ይንኳኳል፣ ይንጫጫል፣ መሃል ላይ ደግሞ ድምፁ እንደ ሰም ይቀልጣል። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው ወይስ ሙዚቃው ራሱ እንዲህ ነው? ሶሎ ከሆነስ ለምን ሁለት ጊታር ይሰማኛል? ሸክላውን ከወዲሁ ልዘዝ ወይስ ልጠብቅ? የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ገዝታ ልትልክልኝ ፈቃደኛ ናት። አልበሙ እስኪወጣ ጆሮዬን ማዘጋጀትም እፈልጋለሁ።»

ምላሽ፦

ፋይሉን ከመጠርጠርዎ በፊት ስልክዎን ይጠርጥሩ። በተለመደው ቅኝት የጊታር ስድስት ክሮች ሳይያዙ ሲመቱ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ በግምት 82፣ 110፣ 147፣ 196፣ 247 እና 330 ኸርዝ (በሴኮንድ የሚርገበገቡት ብዛት) ይሰጣሉ። የስልክ ስፒከር ደግሞ ከ400 ኸርዝ ወደ ታች ሲወርድ ጉልበቱ በፍጥነት ይከዳዋል። ስለዚህ የስድስቱም ክሮች መነሻ ድምፅ ስልኩ በወጉ ሊያሰማው ከሚችለው በታች ነው። ጆሮ በላይ በላዩ ከሚደረቡት ቀጫጭን ድምፆች ተነስቶ የጎደለውን ስለሚሞላ ዜማው አይጠፋብዎትም፤ የሚጠፋው የድምፁ ሥጋ ነው። ጎልቶ የሚቀርልዎት ፒክ የሚባለው የክር መምቻ ክሩን ሲመታ የሚወጣው «ጠቅ» እና ጣት በወፍራም ክር ላይ ሲንሸራተት የሚፈጥረው ፍጭት ይሆናል። በባንድ ሙዚቃ ይህ ጉድለት ብዙም አይታወቅም፤ ሳክስፎኑና ሲምባሉ ስልኩ በሚችለው ክልል ውስጥ ስለሚጮሁ ቀዳዳውን ይሸፍኑታል። ብቻውን የመጣ ጊታር ግን የሚሸፍንለት የለውም።

ማረጋገጥ ከፈለጉ 5 ደቂቃ ይበቃዎታል። የረበሸዎትን ቦታ ደቂቃውንና ሴኮንዱን ይጻፉ። ከዚያ የስልኩን ድምፅ ወደ ግማሽ ዝቅ አድርገው ይድገሙት፤ መንጫጫቱ ከጠፋ ጥፋቱ የስፒከሩ ነው፣ ከአቅሙ በላይ ተገፍቶ ነበር። ካልጠፋ በሽቦ የሚሰካ ሄድፎን አድርገው፣ ቢቻል በሌላ መሣሪያ፣ ያንኑ ሴኮንድ ያዳምጡ። እዚያው ቦታ ላይ ከተደገመ ልብ የሚሉት የድምፁን ጭራ ነው። ሰው የነካው ክር ጭራ አለው፤ ይርገበገባል፣ የክፍሉ ግድግዳ ይመልሰዋል፣ ቀስ ብሎ ይሞታል። የተበላሸ ፋይል ጭራ የለውም። በቢላ እንደተቆረጠ ድርቅ ብሎ ይቆማል፣ ወዲያውም ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። በብሉቱዝ ምክንያት የሚመጣ መቆራረጥ ደግሞ ቦታውን ይቀያይራል፤ ትራኩን ሁለተኛ ሲያጫውቱት ያንኑ ሴኮንድ ላይ አያገኙትም። እርስዎ «ይንኳኳል» ያሉት ድምፅ በሄድፎን ሲሰሙት ጭራ ካለው ሙዚቃው ነው፤ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነው።

«ይቀልጣል» ያሉት ነገር በዚህ ዓይነት ሙዚቃ ውስጥ በደንብ የታወቀ ስልት ስለሆነ አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ዲሌይ የሚባለው ፔዳል (በእግር የሚረገጥ የድምፅ መለወጫ) የገባለትን ድምፅ ለአፍታ፣ ለምሳሌ ለ300 ሚሊ ሴኮንድ፣ በማስታወሻው ይዞ መልሶ ያሰማዋል። የማቆያው ጊዜ በድንገት ሲያጥር በማስታወሻው ያለው ድምፅ በጥድፊያ ስለሚነበብ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲረዝም እየተጎተተ ወደ ታች ይወርዳል። ካሴት ማጫወቻ ባትሪው ሲያልቅበት የዘፋኙ ድምፅ እንዴት እንደሚወፍር የሚያስታውስ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የኒውዮርኳ ጊታሪስት ሜሪ ሃልቮርሰን የምትታወቀው በዚህ ነው። ላይን 6 ዲኤል4 የተባለውን ዲሌይ በእግር ከሚረገጥ መቆጣጠሪያ ጋር አያይዛ፣ ጥርት ብሎ የተጀመረውን ኖታ መሃል ላይ ታጣምመዋለች። ጊታሯ ግን በ1970 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተሠራ፣ ሆዱ ክፍት የሆነ ትልቅ የጃዝ ጊታር ነው። ለዚህ ነው ከማጉያው ከሚመጣው ድምፅ ጎን የእንጨቱና የፒኩ ደረቅ ድምፅ የሚሰማው። እንዲህ ያለ ጊታር ሲቀረጽ አንዱ ማይክሮፎን ከማጉያው ስፒከር ፊት፣ ሌላው ከጊታሩ ሆድ 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይቆማል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ከእያንዳንዱ ኖታ ፊት ያቺ ትንሽ «ጠቅ» ትሰማለች። ጉድለት አይደለችም። የሙዚቀኛውን እጅ የሚያሳየው እሷ ናት፤ እኔ ጠፍታብኝ አልበሙ ከሚለሰልስ እሷ ብትኖር እመርጣለሁ።

ሌላው የመንኳኳትና የመንዘር ምንጭ ክሩ ላይ የሚደረግ ባዕድ ነገር ነው። እንግሊዛዊው ጊታሪስት ፍሬድ ፍሪዝ በ1974 «ጊታር ሶሎስ» በተባለው አልበሙ ክሮቹ ላይ በጥርስ የሚነክሱ የኤሌክትሪክ መያዣዎችን ሰክቷል። ከጊታሩ አንገት ጫፍ፣ ክሮቹ ከሚጠመዘዙበት በኩልም ተጨማሪ የድምፅ መቀበያ ገጥሟል። ይህ የኋለኛው በጣም ብልህ ሥራ ነው። ጊታር ላይ ጣት ክሩን ሲጫን ክሩ ለሁለት ይከፈላል፤ ሁልጊዜ የምንሰማው ወደ ሆዱ ያለውን ክፍል ነው። መቀበያ በወዲያኛውም ጫፍ ሲኖር ግን ከጣቱ በስተግራ የቀረው ክፍልም ይሰማል። አንድ ክር፣ አንድ ጣት፣ ሁለት ኖታ። በአልበሙ ላይ ተደራቢ ቀረጻ የለም፤ ከትራኮቹ በአንዱ ላይ ሁለት ጊታሮችን አጋድሞ በአንድ ጊዜ ይጫወታል።

እዚህ ላይ የአማርኛ አድማጭ ከሌላው ዓለም አድማጭ ቀድሞ የሚገኝበት ነገር አለ። ንዝረት የበዛበት ድምፅ ለኛ እንግዳ አይደለም። በገና አሥሩ አውታሮቹ እንዲያ የሚነዝሩት ተበላሽቶ አይደለም፤ አውታሮቹ በሚያርፉበት በበርኩማውና በእያንዳንዱ አውታር መካከል እንዝራ የምትባል ትንሽ ቆዳ ስለምትገባ ነው። ደርዳሪው እንዝራዋን በጥቂቱ ወዲህና ወዲያ እያለ ንዝረቱን ይቀርጻል፤ ያለ እሷ በገናው ድምፁ ይደርቃል። ክሩ ላይ መያዣ የሚሰካው ጊታሪስትም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ኖታው ሲመታ እንዲነሳ ብቻ ሳይሆን በራሱ ላይ እየተንቀጠቀጠ እንዲቆይ። በገና ሲሰሙ ንዝረቱን «ጫጫታ» እንደማይሉት ሁሉ፣ ጊታሩንም በዚያው ጆሮ ቢቀበሉት የመጀመሪያው አጥር ይፈርሳል።

ቀጭን ደወል መሰል ድምፆች ከሰሙ ደግሞ ሃርሞኒክ ናቸው። ጣት ክሩን ሳይጫን እንደ ዝንብ ብቻ ሲያርፍበት፣ ወፍራሙ ክር ላይ 12ኛው ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ የተጋደመው ብረት) አናት 165፣ 7ኛው ላይ 247፣ 5ኛው ላይ 330 ኸርዝ ይወጣል። የእንግሊዟ ሼፊልድ ተወላጅ ጊታሪስት ዴሪክ ቤይሊ ሙሉ የሙዚቃ ቋንቋ ከዚህ ሠርቷል። አንዱን ኖታ በሃርሞኒክ፣ ቀጣዩን በተጫነ ክር፣ ሦስተኛውን ባዶ ክር ላይ እየመታ በመካከላቸው ሰፊ ዝላይ ያደርጋል፤ ከአንድ መሣሪያ የተለያዩ ሰዎች የሚነጋገሩ ይመስላል።

ወደ ሁለቱ ጊታሮች እንምጣ። «ሶሎ» የሚለው ቃል ብዙ አድማጭ ያሳስታል። ቃሉ የሚነግረን አንድ ሰው እንደተጫወተ እንጂ አንድ ጊዜ ብቻ እንደተጫወተ አይደለም። አሜሪካዊው ጊታሪስት ሶኒ ሻሮክ በ1986 ባወጣው «ጊታር» በተባለው የሶሎ አልበሙ ራሱ በቀዳው አጃቢ ጊታር ላይ ራሱ ዜማውን ደርቦበታል፤ ሁለት እጅ ሳይሆን አራት እጅ ነው የሚሰማው። ሌላው አሜሪካዊ ቢል ፍሪዜል በ2000 ባወጣው «ጎስት ታውን» ጊታሩን ከባንጆና ከሉፕ (ከሚደጋገም ቅጂ) ጋር ደራርቦ አስገብቷል። በተቃራኒው ጆ ፓስ በ1973 የቀዳው «ቨርቹዎሶ» ባሱን፣ ኮርዱን (አብረው የሚመቱትን ኖታዎች) እና ዜማውን በአንድ ጊዜ በሁለት እጅ የሚሸከም ነው። ስለዚህ ሁለት ጊታር ሲሰሙ ሦስት መልስ ሊኖር ይችላል፦ ተደራቢ ቀረጻ፣ የተጫወቱትን ሐረግ ቀድቶ የሚደጋግመው ሉፐር የሚባል ፔዳል፣ ወይም አንዱን ጊታር ወደ ሁለት ማጉያ ማከፋፈል። መለየት ይቻላል። ሉፐር ከሆነ መጀመሪያ የሚደገመው ሐረግ ብቻውን ሲገባ ይሰማሉ፤ ከዚያ ያቺው ሐረግ ፀጉር ሳይዛነፍ ትመላለሳለች። ተደራቢ ቀረጻ ከሆነ ሁለቱም ከመጀመሪያው አብረው ሊነሱ ይችላሉ፣ አጃቢውም ሲደጋገም ትንሽ ትንሽ ይለዋወጣል። ሁለት ማጉያ ከሆነ በግራና በቀኝ ጆሮ የሚሰማው ኖታ አንድ ነው፣ የሚለየው ቀለሙ ነው። ይህንን በአንድ የስልክ ስፒከር መለየት አይቻልም፤ ግራና ቀኙ ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው።

አሁን ስለሚጠበቀው ነገር። አድናቂ በጣም የሚጎዳው ባንዱን እየጠበቀ ሶሎውን ሲሰማ ነው። ከበሮና ባስ ሲወጡ የሚቀረው የባንዱ ሙዚቃ ትንሽ ሲቀነስ አይደለም፤ የሥራው ዓይነት ራሱ ይለወጣል። ባንድ ውስጥ ጊታሪስቱ ዝም ቢል ሌሎቹ ይቀጥላሉ። ብቻውን ሲሆን ዝምታው ራሱ ሙዚቃ መሆን አለበት፣ ጊዜውንም የሚያስረው እሱ ነው፤ ሲፈልግ ያስረዝመዋል፣ ሲፈልግ ይሰብረዋል። «ምት የለውም» ያሉት ይህንን ነው። ምት ጠፍቶ ሳይሆን የሚቆጥርልዎ ሰው ስለሌለ ነው። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ያስታውሱ። እዚያም ከበሮ የለም፤ ጣቶቿ አንዷን ሐረግ ይዘው ይዘገያሉ፣ ቀጣይዋን ያፈጥናሉ፣ ግን ማንም «ምት የለውም» ብሎ አይተዋትም፣ ምክንያቱም ትንፋሹን ተከትሎ ይሰማል። የሙከራ ጊታሩንም በሰዓት ሳይሆን በትንፋሽ ይቁጠሩት፤ ሐረጉ የት ተነሳ፣ የት አረፈ፣ ስንት ጊዜ ዝም አለ።

አንድ ትራክ ሰምቶ ስለ አልበሙ መፍረድም ሌላው ስህተት ነው፤ ስም አይቶ መፍረድ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የአሜሪካዊውን ጊታሪስት የፓት ሜቲኒን ሁለት የሶሎ አልበሞች ጎን ለጎን ያስቀምጡ። በ1994 የወጣው «ዚሮ ቶለራንስ ፎር ሳይለንስ» በአንድ ቀን የተቀዳ፣ ድምፅን በሚያሻክር ደረቅ ዲስቶርሽን የታጨቀና የተደራረበ የኤሌክትሪክ ጊታር ነው፤ አምስቱ ክፍሎች ስም እንኳ የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ። ዜማውን የሚወዱለት አድናቂዎች ክፉኛ ተደናግጠው ነበር፤ ከአሳታሚው ጋር ተጣልቶ ነው የሚል ወሬም ተነዛ፣ እሱ ግን አስተባብሏል። በ2003 የወጣው «ዋን ኳየት ናይት» ደግሞ አብዛኛው በ2001 ቤቱ ውስጥ በአንድ ባሪቶን (ከተለመደው ድምፁ የወፈረ) አኮስቲክ ጊታር የተቀዳ፣ ሕፃን የሚያስተኛ ዓይነት ነው፤ ግራሚም አሸንፎበታል። አንድ ሰው፣ አንድ መሣሪያ፣ ሁለት ዓለም። ለቅምሻ የሚለቀቀው ትራክ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው አልበሙን ስለሚወክል ሳይሆን ትኩረት ስለሚስብ ነው። ሜሪ ሃልቮርሰን በ2015 ያወጣችው የሶሎ አልበም «ሜልትፍሬም» የሚከፈተው በዲስቶርሽን በተፋፋመ የኦሊቨር ኔልሰን ድርሰት ነው። በዚያው አልበም ውስጥ ግን የዱክ ኤሊንግተን «ሶሊቲዩድ» አለ፣ ለስላሳ ነው። የመክፈቻውን ትራክ ብቻ ሰምቶ የሄደ ሰው ያንን አያገኘውም።

የግዢውን ጉዳይ በቁጥር እንየው። 40 ደቂቃ የሚሆን አልበም በኤምፒ3፣ በሴኮንድ 320 ኪሎቢት፣ ሲሆን 96 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። በሲዲ ጥራት፣ ሳይታመቅ፣ 420 ሜጋባይት ይሆናል፤ ፍላክ በሚባለው የፋይል ዓይነት ሲታመቅ ምንም ሳይጎድልበት ግማሽ ወይም ከግማሽ ጥቂት የሚበልጥ ይቀራል። 24 ቢት 96 ኪሎ ኸርዝ የተባለው ከፍተኛው ሳይታመቅ 1.4 ጊጋባይት ይጠጋል። በሲዲ ጥራት ፍላክና በ96ቱ መካከል ያለውን ልዩነት በሄድፎን ለይቶ የሚሰማ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ የኢንተርኔት ፓኬጅዎን እዚያ ላይ አያባክኑ፤ የሲዲ ጥራት ፍላክ ይበቃል። ዝቅተኛ ኤምፒ3 ግን ለእንዲህ ዓይነት ሙዚቃ አይሆንም፤ የፒኩን ሹል ጅማሬና የሚሞተውን ጭራ መጀመሪያ የሚበላው እሱ ነው።

ሸክላን በተመለከተ ፍቅሩ ይገባኛል። ሶሎ ጊታር ግን ሸክላ ላይ ሦስት ፈተና አለበት። አንደኛ፣ ዝምታ የበዛበት ሙዚቃ ስለሆነ የአቧራው «ጭር ጭር» በሙሉ ይሰማል፤ የባንድ ሙዚቃ ይደብቀው ነበር። ሁለተኛ፣ በደቂቃ 33 ዙር በሚሽከረከር ሸክላ ላይ አንዱ ገጽ ከ20 ወይም 22 ደቂቃ ካለፈ መሐንዲሱ የድምፁን መጠን ዝቅ ለማድረግ ይገደዳል፤ ያኔ አቧራው ይበልጥ ይጎላል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። መርፌው በገጹ ውጫዊ ጠርዝ ላይ በሴኮንድ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ወደ መሃል ሲጠጋ ፍጥነቱ ወደ 21 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ቀጫጭኖቹ ድምፆች በጠበበች ቦታ ታጭቀው ስለሚጻፉ በገጹ መጨረሻ ሃርሞኒኮቹ ይሻክራሉ። ያኛው ደወል መሰል ድምፅ የገጹ የመጨረሻ ትራክ ላይ ከሆነ ጥፋቱን የሚፈልጉት ጊታሩ ላይ ሳይሆን እዚያ ነው። ከሁሉም በላይ መርፌውን ይፈትሹ። ደህና መርፌ ከ1.5 እስከ 2 ግራም ነው የሚጫነው። ርካሹ የሻንጣ ቅርጽ ማጫወቻ ከዚያ እጥፍ በላይ ይጫናል፤ አዲስ ሸክላ ጥቂት ጊዜ ካጫወቱበት ጭራው እየተላጠ ይሄዳል። አሮጌ መርፌ ደግሞ እንደ ማረሻ ነው። ማጫወቻዎ ያልተፈተሸ ከሆነ አዲስ ሸክላ አይጫኑበት።

እህትዎ ገዝተው የሚልኩ ከሆነ ሻጩ ዲስኩን ከካርቶን ልባሱ አውጥቶ ከኋላው እንዲያደርግ ይጠይቁ፤ በመንገድ ሲናጥ የዲስኩ ጠርዝ ልባሱን ይሰነጥቀዋል። በሰው እጅ የሚመጣ ከሆነ 31.5 ሳንቲ ሜትር በ31.5 ስለሆነ በእጅ ከሚያዘው ሻንጣ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ በላዩ ላይ ልብስ አይጫንበት። ሸክላ ሙቀት ያለሰልሰዋል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ለአንድ ሰዓት ቢቀር እንደ እንጀራ ጠርዝ ሊነሳ ይችላል፤ ያንን መልሶ ማቃናት ቀላል አይደለም። በፖስታ የሚመጣ ከሆነ ቀረጥና የመላኪያ ክፍያ ከሸክላው ዋጋ በላይ እንዳይሆን ከመታዘዙ በፊት ያጣሩ።

ዲጂታሉን ከሙዚቀኛው የራሱ ገጽ መግዛት ይሻላል። ብዙዎቹ የሙከራ ጃዝ ሙዚቀኞች ባንድካምፕ በተባለው የኢንተርኔት የሙዚቃ መሸጫ ላይ ይሸጣሉ፤ ድርጅቱ ከዲጂታል ሽያጭ የሚወስደው 15 በመቶ ነው፣ የቀረው፣ የክፍያ ማስተላለፊያው ተቀንሶ፣ ለሙዚቀኛው ወይም ለአሳታሚው ይሄዳል። ከመጋቢት 2020 ጀምሮ አንዳንድ ዓርብ ቀናት ላይ ድርሻውን ሙሉ በሙሉ የሚተውበት ልማድም አለ። አስቀድመው ሲያዙ ገንዘቡ ያኔውኑ ይቆረጣል፤ የተለቀቀውን ትራክ ወዲያው ያወርዳሉ፣ ቀሪው በሚወጣበት ቀን ይለቀቅልዎታል። የውጭ ምንዛሪ ካርድ ከሌለዎት አልበሙ ከወጣ በኋላ እህትዎ እንደ ስጦታ በኢሜይልዎ ሊልኩልዎ ይችላሉ። ሙዚቀኛውን መርዳት የሚፈልግ አድናቂ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው አስቀድሞ በማዘዝ ነው፤ ትንሽ አሳታሚ ስንት ሸክላ እንደሚያስቀጥቅጥ የሚወስነው በቅድሚያ የታዘዘውን ቆጥሮ ነውና።

ምክሬ ይህ ነው፦ ፍላኩን ይግዙ፣ ሸክላውን ያቆዩ። አልበሙን ሦስት ጊዜ ሰምተው አራተኛ ከፈለጉት ያኔ ሸክላውን ይዘዙ። ከዚህ የሚለየው አንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ የተወሰነ እትም ከሆነና ማጫወቻዎ በትክክል የተስተካከለ ከሆነ ቶሎ ማዘዙ አይጎዳም።

እስኪወጣ ድረስ ባለው ጊዜ ጆሮን ማዘጋጀት ለሚፈልግ ሰው ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ከከባዱ አይጀምሩ። በ2002 የወጣውን የዴሪክ ቤይሊን «ባላድስ» ያስቀድሙ፤ የታወቁ የጃዝ ዜማዎችን እየጠቀሰ ከእነሱ ይወጣል፣ ተመልሶም ይገባል። ዜማው ምን እንደነበረ ስለሚታወቅ ምን እንዳደረገበት ይሰማል። ከዚያ «ሜልትፍሬም»ን፣ ከዚያ የፍሪዝን «ጊታር ሶሎስ» ይስሙ። የሻሮክን ለመጨረሻ ይተዉት። በመሃል የኢትዮጵያ መንገድ ከፈለጉ ጌታቸው መኩሪያ ዘ ኤክስ ከተባለው የኔዘርላንድ ባንድ ጋር በ2006 ያወጡትን «ሞአ አንበሳ» ይስሙ። ከሳክስፎኑ ኋላ የሚሻክሩትን ጊታሮች ብቻ ተከትለው አንዴ ያድምጡት፤ የጌታቸውን ፉከራ የሚያውቅ ጆሮ እዚያ ውስጥ አይጠፋም። ቤይሊ በ2005 ያወጣውን «ካርፓል ተነል» ግን አሁን አይንኩት። እጁ ፒክ መያዝ አቅቶት በአውራ ጣቱ መጫወት እንዴት እንደተማረ በየሳምንታቱ የቀዳበት ነው፤ ከመጀመሪያው በቀር ትራኮቹ የተሰየሙት ባለፉት ሳምንታት ቁጥር ነው። ያ እጅ ቀድሞ ምን ይችል እንደነበረ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚረዳው፤ ለሚያውቅ ግን ከዚህ የሚበልጥ የሶሎ ጊታር ቀረጻ የለም እላለሁ።

አልበሙ የወጣ ዕለት ከማጫወትዎ በፊት ሦስት ነገሮች ያስተካክሉ። በመተግበሪያ የሚያዳምጡ ከሆነ ድምፅን እኩል የሚያደርገውን ማስተካከያ ያጥፉት፤ የሙዚቀኛውን ሹክሹክታና ጩኸት ያቀራርባል። ትራኮችን እርስ በርስ የሚያደባልቀውን ክሮስፌድ ዜሮ ላይ ያድርጉት፤ በትራኮቹ መካከል ያለችው ዝምታ ተለክታ የተቀመጠች ናት። የድምፁን መጠን ደግሞ በጸጥተኛው ክፍል አይወስኑ። እንዲህ ያለ አልበም በሹክሹክታ ጀምሮ በድንገት ሊፈነዳ ይችላል፤ ጸጥታው ላይ ከፍ ያደረጉት ሄድፎን ፍንዳታው ሲመጣ ጆሮ ይጎዳል። በማጫወቻው ላይ የድምፁ ቅርጽ ከታየ የወፈረበትን ቦታ ፈልገው 30 ሴኮንድ ያህል ይስሙ፣ እዚያ ላይ ሳይጨንቅዎ የሚሰሙበትን መጠን ይያዙ፣ ወደ መጀመሪያው ይመለሱና ከዚያ በኋላ አይንኩት። በአንድ መቀመጫ 20 ደቂቃ ያህል፣ የሸክላ አንድ ገጽ የሚያህል፣ ይስሙና ያቁሙ፤ ሁለተኛውን አጋማሽ ለማግስቱ ያቆዩት።